«አልጋ ሞልቷል»፦ ሆቴልን በቀጥታ መያዝ መቼ ያዋጣል?

ጎንደር የደረስኩት በከተራ ዕለት ረፋድ ላይ ነው። ከአዘዞ ጀምሮ መንገዱ ነጭ በለበሰ ሰው ተሞልቷል። እኔ ግን ሐሳብ አልነበረብኝም። ከወር በፊት በአንድ የውጭ ድረ ገጽ ለሦስት ሌሊት አልጋ ይዣለሁ። ማረጋገጫውም ስልኬ ውስጥ አለ።

ሪሰፕሽን ላይ የነበረችው ልጅ ስልኬን ተቀብላ ረጋ ብላ አነበበችው። ከዚያ ከባንኮኒው ስር አንድ ወፍራም መዝገብ አወጣች። በማስመሪያ የተሰመረ፣ ጠርዙ የተበላ መዝገብ ነው። በአንዱ በኩል የክፍል ቁጥር፣ ቀጥሎ ስም፣ ከዚያ ስልክ፣ መጨረሻ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ቀብድ» የሚል ቃል። ጣቷን ከላይ እስከ ታች አወረደችው። ገጹን ገልብጣ ደገመችው። ስሜ የለም።

«ይቅርታ እሺ፣ በኢንተርኔት የመጣው አልደረሰንም። አልጋ ሞልቷል።»

ያን ሌሊት ያደርኩት የሆቴሉ ጥበቃ አክስት ቤት ነው። እሳቸው ፍራሽ አንጥፈው፣ ቡና አፍልተው እንደ ልጃቸው ተቀበሉኝ። ውለታቸውን መቼም አልረሳውም። ግን ፍራሹ ላይ ጋደም ብዬ አንድ ነገር ሳወጣ ሳወርድ አደርኩ። ልጅቷ አልዋሸችኝም። የያዝኩበት ድረ ገጽም ክፍሉን ሲያሳየኝ አልዋሸም። ታዲያ አልጋዬ የት ገባ?

መልሱ ያ መዝገብ ውስጥ ነው። አንድ ሆቴል 30 ክፍል አለው እንበል። እነዚህን ክፍሎች በስንት በር ነው የሚሸጣቸው? በስልክ ይሸጣል። ቆመው ለሚጠይቁ ይሸጣል። በአስጎብኚ ድርጅት በኩል ይሸጣል። በቴሌግራም ይሸጣል። በሁለት ሦስት የውጭ ድረ ገጾችም ይሸጣል። ትልልቆቹ ሆቴሎች እነዚህን በሮች ሁሉ አንድ ላይ የሚያያይዝ ሶፍትዌር አላቸው። በአንዱ በር አንድ ክፍል ሲሸጥ በሌሎቹ ሁሉ ወዲያው ይቀነሳል። ብዙ መካከለኛና ትንንሽ ሆቴሎች ግን ያ ሶፍትዌር የላቸውም። መዝገቡ ለብቻው ነው፣ ድረ ገጹ ለብቻው ነው። ሁለቱን የሚያገናኘው ሰው ነው። ያ ሰው ኢሜይሉን አይቶ በእጁ መዝገቡ ላይ ይጽፋል። ኔትወርክ ከጠፋ፣ ኢሜይሉን የሚያየው ሰው እረፍት ከወጣ፣ አንድ ክፍል ሁለት ባለቤት ያገኛል።

በአዘቦት ቀን ይህ ችግር አይታይም። ባዶ ክፍል አይጠፋምና። የሚፈነዳው በጥምቀት ጎንደር ላይ ነው። በገና ላሊበላ ላይ ነው። ኅዳር 21 ለጽዮን አክሱም ላይ፣ ታኅሣሥ 19 ለቁልቢ ገብርኤል ድሬዳዋና ሐረር ላይ ነው። አልጋ በጣም በሚያስፈልገን ቀን ማለት ነው። በእነዚህ ቀናት ደግሞ መዝገቡ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ቀብድ የተጻፈለት ሰው ስልክ ላይ ማረጋገጫ ከያዘው ሰው ይቀድማል።

እና ሆቴል በቀጥታ መያዝ ስንል ነገሩ ከዋጋ ይሰፋል። ገንዘቤ ማን እጅ ነው? ስደርስ ነገር ቢበላሽ ማንን ነው የምይዘው? እኔ አሁን አልጋ ከመያዜ በፊት ራሴን የምጠይቀው እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች ነው።

እነዚህ የውጭ ድረ ገጾች ምን እንደሆኑ ለኛ ሰው ማስረዳት ከባድ አይደለም። ደላላ ናቸው። ቤት ሲከራይ፣ መኪና ሲሸጥ የምናውቀው ደላላ። ከሁሉም የሚታወቀው ቡኪንግ ዶት ኮም እ.ኤ.አ. በ1996 ኔዘርላንድስ ውስጥ በትንሹ የተጀመረ ነው። በ2005 የአሜሪካው ፕራይስላይን ገዛው። ኋላ ላይ እናት ድርጅቱ ራሱ ስሙን ቀይሮ ቡኪንግ ሆልዲንግስ ተባለ። አጎዳና ካያክም የዚሁ ቤተሰብ ናቸው። ተፎካካሪው ኤክስፒዲያ ያው በ1996 ማይክሮሶፍት ውስጥ የተወለደ ሲሆን ሆቴልስ ዶት ኮም የእሱ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው አምስት ድረ ገጽ ከፍቶ ዋጋ ሲያወዳድር ብዙውን ጊዜ የሚያወዳድረው የሁለት ቤተሰብ ልጆችን ነው።

ደላላ ደግሞ በነፃ አይሠራም። ኮሚሽኑ እንደ አገሩና እንደ ውሉ ይለያያል፤ የተለመደው ግን 15 በመቶ ገደማ ነው። ከዚያ በላይ የሚከፍልም አለ። በገጹ ላይ ከፍ ብሎ ለመታየት የሚፈልግ ሆቴል ተጨማሪ ይከፍላል።

በብር እናስላው። የክፍሉ ዋጋ ለአንድ ሌሊት 6,000 ብር ነው እንበል። ኮሚሽኑ 15 በመቶ ከሆነ 900 ብር ይሄዳል። ሆቴሉ እጅ የሚገባው 5,100 ነው። እናንተ ደውላችሁ «5,500 ብከፍልስ?» ብትሉ 500 ብር ትቆጥባላችሁ። ሆቴሉም ከበፊቱ 400 ብር ይበልጥ ያገኛል። ማንም አልተጎዳም። የቀረው የደላላው ድርሻ ብቻ ነው። ያ 900 ብር ደግሞ በውጭ ምንዛሪ ከአገር የሚወጣ ገንዘብ ነው። ላሊበላን አስቡት። መጀመሪያ ኮቪድ መጣ። ከዚያ በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተማው ድረስ ገባ። እንግዳ ጠፍቶ ከርሞ ስንት አስተናጋጅና ስንት አስጎብኚ ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል። እዚያ ከተማ ውስጥ 900 ብር ትንሽ ነገር አይደለም።

ታዲያ ሆቴሎች ራሳቸው ለምን ዋጋ ቀንሰው በገጻቸው አይለጥፉም? ለረጅም ጊዜ ውሉ ስለሚከለክላቸው ነው። ደላላዎቹ ሆቴሎችን «እኛ ጋ ካለው ዋጋ ያነሰ በራስህ ድረ ገጽ ላይ እንዳታወጣ» ብለው ያስፈርሙ ነበር። በዚህ ጉዳይ አውሮፓ ውስጥ ትልቅ ክርክር ተደርጓል። ጀርመን እ.ኤ.አ. በ2015 ከለከለችው። ፈረንሳይ በዚያው ዓመት በሕግ ሻረችው። ኦስትሪያ፣ ጣልያንና ቤልጅየም ተከተሉ። በ2024 የአውሮፓ ኅብረት ቡኪንግን የገበያው «በረኛ»፣ ማለትም ሻጭና ገዢ የሚገናኙበትን በር የያዘ ድርጅት ብሎ ፈረጀው። ድርጅቱም በዚያው ዓመት ከጁላይ መግቢያ ጀምሮ ያንን የዋጋ አንቀጽ በአውሮፓ አነሳ። በዚያው ወር የስፔን የውድድር ባለሥልጣን 413 ሚሊዮን ዩሮ ቀጣው። በመስከረም ደግሞ የኅብረቱ ፍርድ ቤት እንዲህ ያለው አንቀጽ ለድርጅቱ ሥራ የግድ አስፈላጊ ነው ሊባል አይችልም ብሎ በየነ።

ይህን ማንሳቴ ሮም ወይም ፍራንክፈርት ዘመድ ልትጠይቁ ስትሄዱ ስለሚጠቅማችሁ ነው። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች አንድ ሆቴል ዛሬ በራሱ ድረ ገጽ ላይ ዋጋ ቢቀንስ የቡኪንግ ውል አይከለክለውም። በደላላው ገጽ ካገኛችሁት በኋላ የሆቴሉን የራሱን ገጽ ከፍታችሁ ማየት ሁለት ደቂቃ ነው የሚፈጀው። ትልልቆቹ የሆቴል ሰንሰለቶች ደግሞ ከእ.ኤ.አ. 2016 ገደማ ጀምሮ በአባልነት ለተመዘገበ ሰው በራሳቸው ገጽ የተቀነሰ ዋጋ ይሰጣሉ። አባልነቱ ነፃ ነው።

እዚህ ላይ ግን አንድ ወጥመድ አለ። የሆቴሉን ስም ጎግል ላይ ስትጽፉ ከላይ የሚመጣው ሁሉ ሆቴሉ አይደለም። የሆቴሉን ስም በትልቁ ጽፈው፣ ፎቶውን ለጥፈው፣ ስልክ ቁጥር የሚያስቀምጡ ሌሎች ሻጮች አሉ። ደዋዩ ሪሰፕሽን ያገኘ ይመስለዋል። የሚያነሳው ግን ሌላ አገር የተቀመጠ የጥሪ ማዕከል ነው። የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2017 በዚህ ዓይነት አሳሳች ማስታወቂያ አንድ ሻጭ ላይ እርምጃ ወስዷል። እኔ የምጠቀምባት መፈተኛ አለች። ስልኩ ሲነሳ «አሁን ሪሰፕሽን ላይ ናችሁ? ከፊት ለፊታችሁ ያለው መንገድ ምን ይባላል?» ብዬ እጠይቃለሁ። እዚያው ያለ ሰው ወዲያው ይመልሳል።

ወደ አገራችን እንመለስ። እዚህ «በቀጥታ ኦንላይን መያዝ» ሲባል መልኩ ሌላ ነው። ብዙዎቹ ሆቴሎች የሚሠራ ድረ ገጽ የላቸውም። ያላቸውም ቢሆን የዛሬ ስንት ዓመት የተሠራና ዋጋው ያልተነካ ነው። የኛ ሆቴል ኦንላይን የሚገኘው በስልክ፣ በቴሌግራምና በዋትስአፕ ነው። ስለዚህ እኔ ደላላውን ለፍለጋ እጠቀምበታለሁ። ካርታው ላይ የት እንደሆነ አያለሁ። ሰው ስለ ውሃው፣ ስለ ቁርሱ፣ ስለ ጫጫታው የጻፈውን አነባለሁ። በተለይ በቅርብ ወራት የተጻፈውን፣ እንግዶች ራሳቸው ያነሷቸውን ፎቶዎች አያለሁ። ሆቴሉ የለጠፈው ፎቶ የተነሳው ሕንፃው በተመረቀ ሳምንት ሊሆን ይችላል። ከዚያ ስልኩን አውጥቼ እደውላለሁ።

ስልክ ምን እንደሚጨምር በአንድ ጥሪ ላሳያችሁ። ለገና ከእናቴ ጋር ላሊበላ ልንሄድ ነበር።

«ሀሎ፣ እንደምን ዋላችሁ? ከአዲስ አበባ ነው የምደውለው። ለገና ከእናቴ ጋር እየመጣን ነው።»

«እንኳን ደህና መጡ። ስንት ሌሊት ነው?»

«አራት። እናቴ ጉልበቷን ያማታል፤ ደረጃ አትወጣም።»

ትንሽ ዝም አለ። ወረቀት ሲገለጥ ይሰማኛል።

«ምድር ላይ ሁለት ክፍል አለን። አንደኛዋ ጀነሬተሩ አጠገብ ናት፤ መብራት ከጠፋ አታስተኛም። ሌላኛዋን ልያዝልዎት። ለእማማ መታጠቢያው ውስጥ በርጩማ እናስገባላቸዋለን።»

ይህን የትኛው ድረ ገጽ ይነግራችኋል? የደላላው ገጽ «ጀነሬተር አለ» ይላል። ክፍላችሁ ጀነሬተሩ ራስጌ መሆኑን አይነግራችሁም። ሙቅ ውሃ አለ ይላል። ሙቅ ውሃው ስንት ሰዓት እንደሚመጣ አይነግራችሁም። በዚህ ሰሞን ደግሞ ከሁሉም በላይ የሚያስፈልገን ጥያቄ አለ፦ መንገዱ እንዴት ነው? በመኪና ይገባል? በረራው ሳይሰረዝ እየመጣ ነው? እዚያው ያለ ሰው እንደ ዘመድ ይነግራችኋል። «ከምሽት በፊት ግቡ» ይላል። «በዚያ በኩል አትምጡ» ይላል። ለእኔ ይህ ከዋጋ ቅናሹ ይበልጣል።

ዋጋ ስትጠይቁ ግን አንድ ቃል አትርሱ፦ «ሁሉንም ጨምሮ ነው?» ብዙ ሆቴሎች የሚነግሯችሁ ያልተጨመረበትን ዋጋ ነው። በዚያ ላይ 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ይመጣል፤ በድምሩ ላይ ደግሞ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ። 4,000 ብር የተባለው ክፍል 4,400 ይሆንና ቫቱ ሲገባ 5,060 ይደርሳል። ሦስት ሌሊት ከሆነ 12,000 ብላችሁ የሄዳችሁት 15,180 ይጠብቃችኋል። የ3,180 ብር ልዩነት ነው። ደላላው ገጽ ላይ ያያችሁት ዋጋ ሁሉን ያካተተ ከሆነና ስልክ ላይ የተነገራችሁ ካላካተተ «በቀጥታ ረከሰልኝ» ያላችሁት በእርግጥ አልረከሰም ማለት ነው። አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ እዚያም ይኸው ችግር እንደነበረ ታውቃላችሁ። ሪዞርት ፊ እየተባለ መጨረሻ ላይ ብቅ የሚል ክፍያ። ከእ.ኤ.አ. ግንቦት 2025 ጀምሮ ግን የፌዴራሉ ደንብ ሆቴሎች የግዴታ ክፍያዎችን ከመጀመሪያው ዋጋ ጋር ደምረው እንዲያሳዩ ያስገድዳል።

ሌላው ዶላር ነው። አንዳንድ ሆቴሎች ለውጭ አገር ዜጋ ዋጋ በዶላር ያወጣሉ፤ ለነዋሪ ሌላ ዋጋ አላቸው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ ዶላሩ ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። ያኔ በዶላር ዋጋ ይዞ በብር ሊከፍል የመጣ ሰው ምን እንደገጠመው አስቡት። ዛሬም ቢሆን ዋጋው በዶላር ከተጻፈ የምትከፍሉት በየትኛው ቀን ምንዛሪ እንደሆነ ጠይቁ። በያዛችሁበት ቀን ነው ወይስ በምትከፍሉበት? የኢትዮጵያ ተወላጅ የሆናችሁ ዳያስፖራዎች ደግሞ በየትኛው ዋጋ እንደምትስተናገዱ ቀድማችሁ ጠይቁ። ሆቴል በሆቴል ይለያያል። ደላላው ገጽ ይህን ልዩነት አያውቀውም።

አሁን ወደ ቀኑ ልግባ። ብዙ ሰው የሚበላው እዚህ ላይ ነው። እናንተ ዋሽንግተን ሆናችሁ «ለጃንዋሪ 10 ያዝልኝ» ትላላችሁ። ሪሰፕሽን ያለው ልጅ ጃንዋሪን ጥር ብሎ ይተረጉመዋል። መዝገቡ ላይ «ጥር 10» ብሎ ይጽፋል። ጥር 10 ጃንዋሪ 18 ነው። ጃንዋሪ 10 ደግሞ ጥር 2 ነው። በስምንት ቀን ተላለፋችሁ። ጥር 10 በተለይ ከተራ ነው፤ ጎንደር ላይ ከሆነ ዋጋው ራሱ ሌላ ነው። በተቃራኒው ደግሞ ጥምቀትን ሁልጊዜ ጃንዋሪ 19 ነው ብሎ የሚይዝ አለ። ጳጉሜን ስድስት ከሆነችበት ዓመት በኋላ በአንድ ቀን ይገፋል። በ2016 ዓ.ም. ጥምቀት የዋለው ጃንዋሪ 20 ነበር። በ2020 ዓ.ም.ም እንዲሁ ይሆናል። መፍትሔው ቀላል ነው። ሁለቱንም ቀን ንገሩ፣ የዕለቱንም ስም ጨምሩበት። «ጥር 10፣ ጃንዋሪ 18፣ ዕለቱ እሁድ» ካላችሁ ሦስቱ አብረው ካልሄዱ ልጁ ራሱ ይነቃል።

ሰዓቱም እንደዚያው ነው። ከዱባይ ወይም ከጂዳ የሚመጣ በረራ ቲኬቱ ላይ 02፡00 ይላል፤ ቀኑ 18። ሰው ለ18 አልጋ ይይዛል። ነገር ግን ያ ሰዓት በኛ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። በሆቴል አቆጣጠር ደግሞ ያ ሌሊት የ17 ነው። ለ18 የያዘ ሰው ክፍሉ የሚከፈትለት በ18 ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ ነው። ሻንጣውን ይዞ ሎቢ ውስጥ አሥራ ሁለት ሰዓት ይቀመጣል። ለዚህ አማርኛችን ከእንግሊዝኛው የተሻለ መላ አለው። «ለእሁድ አጥቢያ ከሌሊቱ 8 ሰዓት እደርሳለሁ፤ የቅዳሜን ሌሊት ያዙልኝ» በሉ። አጥቢያ ያለ ሰው ምንም አይሳሳትም። ከሆቴሉ የመውጫ ሰዓት ላይም «12፡00» የሚለውን የኛ 12 ሰዓት አድርጎ ያሰበ ሰው እስከ ማታ የሚቆይ ይመስለዋል። የሆቴሉ ሰዓት ግን ከቀኑ 6 ነው።

ወደ ገንዘቡ እንምጣ። አገር ቤት በቀጥታ መያዝ ማለት ብዙ ጊዜ ቀብድ መላክ ነው። ለበዓል ሰሞን ቀብድ ያልከፈለ ሰው አልያዘም። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከመጣ ወዲህ ነገሩ በጣም ቀሏል። በባንክ መተግበሪያም እዚያው በእዚያው ይላካል። ግን የላካችሁት ገንዘብ እንደ ካርድ ክፍያ አይመለስም። የባንክ ካርድ ተጠቅማችሁ ብትጭበረበሩ ባንካችሁ ጋር ሄዳችሁ ክርክር ማንሳት ትችላላችሁ። ዝውውር ከሄደ ሄደ። ስለዚህ ሒሳቡ በማን ስም እንደሆነ እዩ። የባንክ መተግበሪያዎች ከመላካችሁ በፊት የባለ ሒሳቡን ስም ያሳያሉ። የሆቴሉ ወይም የድርጅቱ ስም ከመጣ ጥሩ። የግለሰብ ስም ከመጣ ቆም በሉ። «የባለቤቱ ነው» ሊሏችሁ ይችላሉ፤ እውነትም ሊሆን ይችላል። እኔ ግን በሌላ በኩል ባገኘሁት የሆቴሉ ስልክ ደግሜ ደውዬ ካላረጋገጥኩ አልልክም። ቁጥሩን ፌስቡክ ላይ ካገኛችሁት ካርታ ላይ ካለው ጋር አስተያዩት። ካርታ ላይ ያለውንም ማንኛውም ሰው ለውጥ ሊያቀርብበት ስለሚችል ብቻውን አትመኑት።

ከደላላ ጋር የያዘም ቢሆን ከሌባ አላመለጠም። ከ2023 እ.ኤ.አ. ወዲህ ሌቦች የሆቴሎችን የይለፍ ቃል እየሰረቁ በደላላው ድረ ገጽ የመልእክት ሳጥን ውስጥ ገብተው ይጽፋሉ። «ካርድዎ አልሠራም፣ በ24 ሰዓት ውስጥ በዚህ ሊንክ ካላረጋገጡ አልጋዎ ይሰረዛል» ይላሉ። መልእክቱ የሚመጣው ከትክክለኛው ሆቴል ስም ነው። ስማችሁንም፣ ቀናችሁንም ያውቃል። አዋቂ የተባለ ሰው ሁሉ የተበላው ለዚህ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ ሊንኩን ሳትነኩ ሆቴሉ ጋ መደወል ነው።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ ደላላው የሚሻልበትን ጊዜም መናገር አለብኝ። ሰው የማታውቁበት፣ ቋንቋውን የማትናገሩበት አገር ስትሄዱ፣ አንድ ሌሊት ብቻ አድራችሁ ስታልፉ፣ በደላላው መያዝ ይሻላል። ነገር ቢበላሽ የምትጮኹበት ሰው አለ። ነፃ ስረዛ ያለውን ከመረጣችሁ ገንዘባችሁ አይታሰርም። ለሸንገን ቪዛ የሚያመለክት ሰውም ማረፊያ መያዙን ማሳየት አለበት። ቪዛው ይምጣ አይምጣ ሳይታወቅ ለሆቴል ቀብድ መላክ ደግሞ ለማንም አይመከርም። ለዚህ ነፃ ስረዛ ያለው የደላላ ማረጋገጫ ትልቅ ነገር ነው። ቀኑን መዝግባችሁ ያዙ እንጂ፤ የነፃ ስረዛው ቀን ካለፈ ሙሉ ዋጋ ሊቆረጥ ይችላል።

አገር ቤት ያለን ሰዎች ደግሞ የካርድ ጉዳይ አለብን። በብር የሚሠራው የባንክ ካርዳችን የውጭ ድረ ገጽ ላይ አይሠራም። አንዳንዱ ውጭ ያለ እህቱን ወይም ወንድሙን ያስይዛል። ደግ ነው። ብቻ «እንግዳው» የሚለው ቦታ ላይ የሚያርፈው ሰው ስም ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው ይጻፍ። አንዳንድ ሆቴል የተያዘበትን ካርድ በአካል ካላየሁ ብሎ ይከራከራል። በተለይ አስቀድሞ የተከፈለ ከሆነ። ከመነሳታችሁ በፊት ለሆቴሉ ኢሜይል ጻፉና «ካርዱ የእህቴ ነው፣ የማርፈው እኔ ነኝ» ብላችሁ መልሱን ያዙ።

ሁለቱን መንገድ አንድ ላይ የሚሄድም አለ። እኔ ራሴ አሁን በበዓል ሰሞን የማደርገው ይህን ነው። ነፃ ስረዛ ያለውን በደላላው እይዛለሁ። ከዚያ ሆቴሉ ጋ ደውዬ በመዝገባቸው ላይ ስሜ መኖሩን እጠይቃለሁ። ከሌለ እዚያው ያስገቡታል። በቀጥታ ቢቀንሱልኝና ቀብድ ብልክ በጽሑፍ ካረጋገጡልኝ በኋላ የደላላውን እሰርዛለሁ። ሁለቱንም ይዞ መቅረት ግን ነውር ነው። ባዶ የሚያድር ክፍል ለሆቴሉ ኪሳራ ነው፤ ለበዓል የመጣ ሌላ ሰውም ውጭ ያድራል። እኔ ያደርኩበትን ሌሊት አስባለሁ።

ጽሑፍ ያልኩት ረጅም ውል አይደለም። ላሊበላ ከመሄዳችን በፊት በቴሌግራም የላክሁት ይህን ነው፦

«ጤና ይስጥልኝ። በስልክ እንደተነጋገርነው ከታኅሣሥ 26 (ጃንዋሪ 4) ጀምሮ ለአራት ሌሊት፣ ምድር ላይ ያለችው ባለ ሁለት አልጋ ክፍል፣ ጀነሬተሩ አጠገብ ያልሆነችው። ዋጋው ቫትና የአገልግሎት ክፍያ እንዲሁም ቁርስን ጨምሮ ነው። የአንድ ሌሊት ቀብድ በድርጅቱ ሒሳብ ልኬያለሁ፤ ደረሰኙ ከዚህ በታች አለ። ከሦስት ቀን በፊት ከሰረዝን ቀብዱ ይመለሳል። ስሜ መዝገቡ ላይ መጻፉን እባክዎ ያረጋግጡልኝ።»

ከሩብ ሰዓት በኋላ ፎቶ መጣ። የመዝገቡ ገጽ ነው። ስሜ በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ ጎኑ ላይ በቀይ «ቀብድ» ተጽፏል። ከስሩ በትንንሽ ፊደል አንድ መስመር ተጨምሯል፦ «እማማ፣ በርጩማ»።